ዩኒቨርሲቲው አጠገባችን ነው፤ ምርምሩ ግን የት ገባ?

ጥያቄውን የላኩልኝ በአንድ ዞን የፕላንና ልማት መምሪያ የሚሠሩ ባለሙያ ናቸው። እንዲህ ይላል፦ «በከተማችን ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ዓመታት አልፈዋል። ተመራማሪዎች መጠይቅ ይዘው ገጠሩንም ከተማውንም ይዞራሉ። ገበሬውን ይጠይቃሉ፣ ነጋዴውን ይጠይቃሉ፣ ከእኛም ቢሮ መረጃ ይወስዳሉ። ከዚያ በኋላ አናያቸውም። ለመሆኑ የዩኒቨርሲቲ ምርምር ለአንድ አካባቢ ኢኮኖሚ በእውነት የሚጠቅምበት መንገድ አለ? ካለስ እኛ ከየት እንጀምር?»

ውድ ጠያቂ፣ ቅሬታዎ ተገቢ ነው። እኔ የግብርና ኢኮኖሚ ባለሙያ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲም ከዞንና ከወረዳ ቢሮዎችም ጋር ሠርቻለሁ። ይህንኑ ቅሬታ ከሁለቱም ወገን ሰምቼዋለሁ። ቢሮው «መረጃ ወስደው ጠፉ» ይላል። መምህሩ ደግሞ «ጽፌ አስገብቻለሁ፣ ያነበበው የለም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

አጭሩ መልሴ አዎ፣ ይጠቅማል የሚል ነው። በአገራችንም ጠቅሟል። የጠቀመባቸውን ጊዜያት ሳያቸው ግን አንድ ነገር ይደጋገምብኛል። ከግኝቱ በኋላ ያለውን ሥራ የተረከበ ሰው ወይም መሥሪያ ቤት ሁልጊዜ ነበረ። ሳይጠቅሙ ከቀሩት ጥናቶች ውስጥ ብዙዎቹ ጥሩ ጥናቶች ናቸው፤ ተረካቢ አጥተው ነው መደርደሪያ ላይ የቀሩት። ስለዚህ «ከየት እንጀምር» ላሉት፣ ከተረካቢው ጀምሩ እላለሁ። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የከፍተኛ ግብርና ትምህርታችን የተጀመረው በዓለማያ ኮሌጅ፣ በዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኮሌጁ የተቀረጸው በአሜሪካኖች መንገድ ነበር። አሜሪካኖች በ1862 ባወጡት ሕግ ለየግዛቱ መሬት እየሰጡ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጆች እንዲቋቋሙ አደረጉ። በ1887 ለኮሌጆቹ የምርምር ጣቢያ ጨመሩላቸው። በ1914 ደግሞ ገበሬውን የማስተማሩን ሥራ፣ ዛሬ ኤክስቴንሽን የምንለውን፣ ከእነዚሁ ኮሌጆች ጋር አያያዙት። አንዱ መምህር ክፍል ውስጥ ያስተምራል፣ ማሳ ላይ ይመራመራል፣ ውጤቱንም ገበሬው ዘንድ የሚያደርስ የሥራ ባልደረባ እዚያው ግቢ አለው።

ከነዚህ ኮሌጆች አንዱ የኦክላሆማው ነበር። በ1952 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ መጣ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ጅማ ላይ ጀመሩ። የዓለማያው ግቢ ሲደርስ በ1956 ወደዚያ ተዛወሩ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ግቢውን የመረቁት በ1958 መጀመሪያ ላይ ነው። ማስተማር፣ መመራመርና ኤክስቴንሽን ያኔ በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ።

ብዙ አልቆየም። በ1963 ኤክስቴንሽኑ ለግብርና ሚኒስቴር ተሰጠ። በ1966 የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ለብቻው ተቋቋመ። ኮሌጁ ምርምሩን ባይተውም ዋና ሥራው ማስተማር ሆነ። ያኔ የነበሩት ባለሥልጣናት የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። አገሩ ሰፊ ነው፣ አንድ ኮሌጅ ሁሉን ሊያዳርስ አይችልም። እኔ ግን ዛሬ እርስዎ የጻፉልኝ ችግር ሥሩ እዚያ ይመስለኛል።

አሁን የራስዎን ዞን ይመልከቱ። የልማት ሠራተኛው ተጠሪነቱ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። የምርምር ማዕከል ካለ ወይ የክልሉ ነው ወይ የፌዴራል። ዩኒቨርሲቲው ሪፖርት የሚያደርገው ለትምህርት ሚኒስቴር ነው። ሦስቱም አንድ ገበሬ ማሳ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። አለቃቸው፣ በጀታቸውና የሚመዘኑበት ነገር ግን ለየቅል ነው። መምህሩ የሚያድገው በጆርናል ባሳተመው ጽሑፍ ነው። የልማት ሠራተኛው የሚጠየቀው ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደተሠራጨ ነው። ማንም ከማንም ጋር ላለመሥራት አልማለም። እንዲገናኙ የሚያስገድድ ነገር ነው የጠፋው።

አሁን ወደተሳካው እንምጣ። እኔ ሁልጊዜ የማነሳው የጤፍን ታሪክ ነው፤ ሲሠራ ምን እንደሚመስል በደንብ ያሳያል።

ጤፍን ለረጅም ጊዜ ማዳቀል አልተቻለም ነበር። አበባው እጅግ ትንሽ ነው። ሳይከፈት ውስጥ ለውስጥ ራሱን በራሱ ያዳቅላል ተብሎም ይታመን ነበር። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ የሚችሉት ከገበሬው ዘር ውስጥ የተሻለውን መርጦ ማባዛት ብቻ ነበር። በ1974 በደብረ ዘይት (በዛሬዋ ቢሾፍቱ) የምርምር ጣቢያ፣ ጣቢያው የዓለማያ ኮሌጅ አካል በነበረበት ዘመን፣ ዶክተር ታረቀ በርሄ አንድ ነገር አስተዋሉ። የጤፍ አበባ ይከፈታል። የሚከፈተው ግን ማለዳ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ግድም፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ያቺን ጊዜ ጠብቆ አንዱን ዝርያ ከሌላው ማዳቀል ይቻላል ማለት ነው። በሥራ ሰዓት ቢሮ ገብቶ የሚወጣ ሰው ይህን በፍጹም አያየውም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነባር ዝርያዎችን ያስቡ። አንዱ ማኛ ነው። ነጭ ነው፣ ገበያው ይወደዋል፣ ምርቱ ግን ያን ያህል አይደለም። ሌላው ዱከም ነው። ምርቱ ጥሩ ነው፣ ንጣቱ ግን የማኛን ያህል ስላልሆነ ዋጋው ይወርዳል። ገበሬው ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ይገደድ ነበር። ዶክተር ከበበው አሰፋና ባልደረቦቻቸው ሁለቱን አዳቅለው፣ ለዓመታት መርጠው፣ በ2006 ቁንጮ የተባለውን ዝርያ ለቀቁ። ዛሬ በአዳኣ፣ በምንጃር፣ በጎጃም ስለ ቁንጮ ያልሰማ ጤፍ አምራች ማግኘት ያስቸግራል።

ከአበባው ግኝት እስከ ቁንጮ ያለውን ይቁጠሩት። 32 ዓመት ነው። መካከል ላይ ሌሎች ዝርያዎችም ወጥተዋል፤ ለምሳሌ ፀደይ በ1984። የዞኑን የአምስት ዓመት ዕቅድ ሲያዘጋጁ ይህ ቁጥር ከአእምሮዎ አይጥፋ። መሠረታዊ ምርምር በአንድ የበጀት ዓመት ፍሬ አያፈራም። በአንድ የበጀት ዓመት ፍሬ ሊያፈራ የሚችለው የመጨረሻው ክፍል ነው፤ የተገኘውን ማድረስ።

ቁንጮን ከሌሎቹ የለየውም ይህ የመጨረሻ ክፍል ነው። ከቁንጮ በፊት በርካታ የተሻሻሉ የጤፍ ዝርያዎች ተለቀው ነበር። አብዛኞቹ ከማዕከሉ አጥር ብዙም አልራቁም። በቁንጮ ጊዜ ገበሬዎች በምርጫው ተሳትፈዋል። ዘሩ ለገበሬ በብድር ይሰጥና ሲያመርት በዓይነት ይመልሳል፤ የመለሰው ለሌላ ገበሬ ይተላለፋል። ተመራማሪ፣ የወረዳ ባለሙያና ገበሬ አንድ ላይ ቆመው ነው የሠሩት። ዘሩ ጥሩ ስለነበረ ብቻ አልተስፋፋም። ዘሩን ተረክቦ የሚያባዛና የሚያዞር ሰንሰለት ስለተበጀለት ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ከባሕር ማዶ ይጀምራል። ማሽላ አብቃይ አካባቢ ከሆኑ አቀንጭራን ያውቁታል። ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ምግቡንና ውሃውን የሚመጥ፣ አበባው ሲያዩት የሚያምር ጥገኛ አረም ነው። አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ እንደ ብናኝ የደቀቀ ዘር ይረጫል። ዘሩ አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል። የማሽላ ሥር ቀርቦት የተለየ ኬሚካል እስኪያመነጭ ድረስ አይበቅልም። ገበሬው አረሙን ሲያየው ጉዳቱ ከመሬት በታች ተጠናቋል።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የዓለማያ ምሩቅ ናቸው። በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር ሆነው ይህንን ንግግር፣ ማለትም ሥሩ ለአረሙ የሚልከውን ምልክት፣ አጠኑ። ምልክቱን በጣም ጥቂት ብቻ የሚያመነጩ የማሽላ ዓይነቶችን ለይተው ከምርታማዎቹ ጋር አዳቀሉ። አቀንጭራው አጠገቡ ማሽላ መኖሩን ሳያውቅ ይቀራል። ከዚህ ሥራ ወደ እኛ የመጡት ጎብዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት ዝርያዎች ናቸው። ፕሮፌሰሩ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል።

ሽልማቱ ያኮራናል፤ እኔ ግን ለእርስዎ ሥራ የሚጠቅመው ከሽልማቱ ጀርባ ያለው ነው። ቡድኑ ዘሩን ብቻ ይዞ አልሄደም። ለምነቱ የተሟጠጠ አፈር ላይ ያለ ማሽላ ያንን ምልክት አብዝቶ ያመነጫል። ስለዚህ ዘሩ ከማዳበሪያና ውሃ ከሚይዝ ትስስር ቦይ ጋር አንድ ላይ እንዲሄድ ተደረገ። ሦስቱ ሲገናኙ ነው አቀንጭራው በደንብ የሚሸነፈው። አንዱ ከጎደለ ውጤቱ ይቀንሳል፣ ገበሬውም «ይሄ ዘር አይረባም» ብሎ ይተወዋል።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እነዚህ ዝርያዎች ቁመታቸው አጠር ያለ ነው። የእኛ ገበሬ ማሽላን የሚዘራው ለእህሉ ብቻ አይደለም። አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶ፣ ለአጥር ይሆናል። እህሉ ቢጨምርም አገዳው ከቀነሰ ገበሬው ያመነታል፤ ልክም ነው። ይህን አስቀድሞ የሚያውቀው ወረዳው ላይ ያለው ባለሙያና ገበሬው ራሱ ነው። እነሱ ጥያቄው ሲቀረጽ ካልነበሩ ተመራማሪው ኩንታል ብቻ ይቆጥራል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ዘር ነው። የዩኒቨርሲቲ ምርምር ግን ሁልጊዜ ዕቃ ሆኖ አይወጣም። አንዳንዴ መልስ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ «ገንዘባችንን የት ላይ ብናውል ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ። እርስዎ ፕላን ክፍል ስለሚሠሩ ይህ ዓይነቱ ይበልጥ ይጠቅምዎታል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ክፍል ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ከዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ በ15 የገጠር መንደሮች ያሉ ቤተሰቦችን ከ1994 ጀምሮ ለ15 ዓመታት ተከታትሏል። ከመንደሮቹ መካከል በጎጃም ይትመን፣ በአንኮበር አቅራቢያ ዲንኪ፣ በላሊበላ አጠገብ ሹምሸሃ፣ በጉራጌ እምድብር ይገኙበታል። የተጠየቁት ያው ቤተሰቦች ናቸው፤ ደጋግሞ እየተመለሱ። በ2009 ከዚህ መረጃ አንድ ጥናት ወጣ። ከአጥኚዎቹ አንዱ በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት የሆኑት ፕሮፌሰር ጣሰው ወልደሃና ናቸው። ጥናቱ እንዳገኘው አንድ ቤተሰብ ቢያንስ አንድ ጊዜ የኤክስቴንሽን ባለሙያ ከጎበኘው ድሃ የመሆን ዕድሉ በ9.8 መቶኛ ነጥብ ይቀንሳል። ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት ደግሞ ድህነትን በ6.9 መቶኛ ነጥብ ይቀንሳል፣ የፍጆታ ዕድገትን በ16.3 በመቶ ይጨምራል።

እነዚህን ቁጥሮች በእርስዎ ዞን እንዳሉ አድርገው አይውሰዷቸው። የእነዚያ መንደሮችና የዚያ ዘመን ናቸው። ግን ያስቡት፤ በጀት ሲደለደል «ለመንገድ ወይስ ለልማት ሠራተኛ መጓጓዣ?» የሚል ክርክር ሲነሳ በግምት ከመከራከር ይልቅ የሚመዘን ነገር ጠረጴዛው ላይ አለ። የእርስዎ ዩኒቨርሲቲ ለእርስዎ ዞን እንዲህ ዓይነት መረጃ መያዝ ይችላል። ዋጋው አንድ የሕንፃ ግንባታ አያክልም። የሚጠይቀው ትዕግሥትና ያንኑ ቤተሰብ ተመልሶ የማግኘት ዲሲፕሊን ነው።

ለከተማም ተሠርቷል። በዚያው በ1994 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሰባት ከተሞችን ቤተሰቦች ማጥናት ጀመረ፤ አዲስ አበባ፣ አዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ደሴ፣ ድሬዳዋ፣ ጅማና መቀሌ። በዚያ መረጃ ላይ ተመሥርቶ የወጣ ስለ ወጣት ወንዶች ሥራ አጥነት የሚያወሳ ጥናት አለ። ሥራ አጥነቱ የበዛው የከፋ ድህነት ባለበት ቤት አልነበረም። ትምህርት በቀመሱ፣ ከመካከለኛ ኑሮ ቤተሰብ በመጡ፣ የመጀመሪያ ሥራቸውን በሚፈልጉ ወጣቶች ዘንድ ነበር። ሥራ ፈትተው የሚቆዩት በአማካይ ወደ አራት ዓመት ገደማ ነው። የደሃው ልጅ ቤተሰቡ ስለማይችልለት መጠበቅ አይችልም፤ ያገኘውን ይሠራል። ዛሬ ነገሩ ምን ያህል እንደተለወጠ በራሳችሁ ከተማ መታየት አለበት። ግን አንድ የከተማ አስተዳደር ለወጣቶች መሸጫ ሼድ ከመሥራቱ በፊት «ሥራ ያጣው ወጣት ማን ነው? ምን እየጠበቀ ነው?» ብሎ ቢያስጠና ስንት ሼድ ባዶውን ከመቆም ይድን ነበር!

ከተማን ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በከተማችሁ ካሉት ትልልቅ ገዢዎች አንዱ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች በቀን ሦስቴ ይበላሉ። ዳቦው፣ ሽሮው፣ በርበሬው፣ አትክልቱ ከየት ነው የሚመጣው? በጨረታ ከአዲስ አበባ በመጣ አቅራቢ ከሆነ በዙሪያችሁ ያለው ገበሬና የእህል ወፍጮ ማኅበር ከበሩ ላይ ያለውን ገበያ እያጣው ነው። ገበሬው ለምን ማቅረብ እንዳልቻለ ማጥናት ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ምርጥ ርዕስ ነው። ጥራት ነው? መጠን ነው? የክፍያው መዘግየት ነው? የጨረታ ማስከበሪያው ነው? መልሱ ሲገኝ መፍትሔውን የሚወስኑት ኃላፊዎች እዚያው ከተማ ውስጥ ናቸው። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ፣ የዩኒቨርሲቲው ግዥ ክፍልና የንግድ መምሪያው በአንድ ቀን ስብሰባ ሊነጋገሩበት ይችላሉ።

ለአነስተኛ አምራቾች ደግሞ፣ ለብረታ ብረቱ፣ ለእንጨት ሥራው፣ ለምግብ ማቀነባበሪያው ማለቴ ነው፣ መንገዱ በአብዛኛው በቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ በኩል ነው። ቴክኖሎጂን ለኢንተርፕራይዞች ማሸጋገር በሥራ ድርሻው ውስጥ አለ። የዩኒቨርሲቲው መሐንዲስ የሠራው ማሽን አንድ ናሙና ሆኖ ላቦራቶሪ ውስጥ ይቀራል። ኮሌጁ ግን ወርክሾፕ አለው፣ የአምራቾቹን ስም ያውቃል። ኮሌጁ ያልተጠራበት የማሽን ምርምር ላይ ዞኑ ገንዘብ እንዳያወጣ እመክራለሁ።

አሁን ደግሞ ያልተሳካውን ልንገርዎ፤ ይህኛው ያሳዝነኛል። የሐረማያ ሐይቅ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ የሚታይ ሐይቅ ነው። ለሐረር፣ ለአወዳይና ለሐረማያ ከተሞች የመጠጥ ውሃ ይሰጥ ነበር። በዙሪያው ያለው ገበሬ ጫቱንና አትክልቱን ያጠጣበታል። ከተራራው የሚወርደው ደለል ደግሞ ይሞላዋል። የሐይቁ መሸሽ ስውር አልነበረም፤ ጥናትም ነበረ። ሆኖም ከ2000 በኋላ በነበሩት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሐይቁ ደረቀ። ለሐረር ከድሬዳዋ አቅጣጫ በረጅም ቧንቧ ውሃ ማምጣት ግድ ሆነ። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶ መታየቱ ደስ ይላል።

አገሪቱ ካሏት አንጋፋ የግብርና ምሁራን ብዙዎቹ እዚያው ዳር ነበሩ። ለምን አልተረፈም? በእኔ እምነት «በቀን ይህን ያህል ብቻ ይሳብ» ብሎ የመወሰን ሥልጣን ያለው አንድ አካል አልነበረም። ከተሞቹ በየራሳቸው ይስባሉ፣ ገበሬው በየፓምፑ ይስባል፣ ተመራማሪው ይጽፋል። ጽሑፉን ተረክቦ ወደ ውሳኔ የሚለውጠው ወንበር ባዶ ነበር። እንዲህ ያለው ወንበር በእናንተ ዞንም ባዶ እንዳይሆን ነው ይህን ሁሉ የምጽፍልዎት።

እንግዲህ ወደ ሥራው።

መጀመሪያ ጥያቄውን እናንተ ጻፉት። በዩኒቨርሲቲው የምርምርና ማኅበረሰብ አገልግሎት ምክትል ፕሬዝዳንት ቢሮ አለ። ለዚያ ቢሮ «ተባብረን እንሥራ» የሚል ደብዳቤ መላክ ምንም አያመጣም። በፊርማና በፎቶ የሚያልቅ የመግባቢያ ሰነድ ይሆናል። ይልቅ ሦስት ወይም አራት ጥያቄዎችን በግልጽ ጽፋችሁ ላኩ። ለምሳሌ «የቲማቲም ዋጋ በመከር ወቅት ለምን በግማሽ ይወርዳል? ከማሳ እስከ ከተማው ገበያ ስንቱ ይበላሻል? የት ላይ?» የሚል። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር ደግሞ አንድ መስመር ጨምሩ፤ መልሱ ሲገኝ የሚረከበው የትኛው መምሪያ፣ የትኛው የሥራ ክፍል እንደሆነ። ያ መስመር ባዶ ከሆነባችሁ ጥያቄውን አትላኩት። ገና አልበሰለም።

ጥያቄዎቹን ብቻችሁን ቢሮ ቁጭ ብላችሁ አታውጧቸው። በዞንና በወረዳ ደረጃ የግብርና ልማት አጋሮች ትስስር አማካሪ ምክር ቤት፣ በአጭሩ አድፕላክ የሚባለው፣ ተቋቁሟል። ገበሬ፣ ተመራማሪ፣ ግብርና ቢሮ፣ ዩኒየን፣ ብድር ተቋም የሚቀመጡበት መድረክ ነው። በብዙ ቦታ ሪፖርት ተነቦ ምሳ ተበልቶ ይበተናል። የእናንተም እንዲያ ከሆነ አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋም ይህንኑ ማንቃት ይቀላል። አጀንዳውን ወደ አንድ ነገር አውርዱት፤ በዚህ ዓመት ዩኒቨርሲቲው የትኛውን ጥያቄ ይመልስልን? የከተማ ጉዳይ ሲሆን የንግድና የኢንተርፕራይዝ ኃላፊዎችን ጥሩ። ሴቶች እንዲገኙም አጥብቃችሁ ያዙ። የወተቱን፣ የዶሮውን፣ የእንሰቱን፣ የጓሮውን ችግር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ስብሰባው ላይ ከሌሉ ጥያቄው ስለ በሬና ስለ ማዳበሪያ ብቻ ይሆናል።

ጊዜውን አስተውሉ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች በአብዛኛው ርዕሳቸውን የሚመርጡት የመጀመሪያ ዓመት ኮርሳቸውን ሲጨርሱ ነው። ስለዚህ ጥያቄዎቻችሁ ከግንቦት በፊት ትምህርት ክፍሎቹ ዘንድ ይድረሱ። ከዚያ ካለፈ ተማሪው ርዕሱን ከኢንተርኔት ላይ አውጥቶ ይጨርሳል፣ የእናንተ ጉዳይም ለዓመት ይቆያል። ተማሪዎቹን አትናቋቸው። ገንዘባቸው ትንሽ ነው፤ ጊዜና ጉልበት ግን አላቸው። ከቀበሌ ሊቀመንበር ጋር የሚያገናኝ ደብዳቤ፣ ማረፊያና የሞተር ነዳጅ ብትችሏቸው ከአማካሪ ድርጅት የማታገኙትን ሥራ ይሠሩላችኋል።

መረጃ ስትሰጡ ደግሞ ስምምነት አድርጉ። ከቢሮአችሁ መረጃ የወሰደ ሁሉ የመጨረሻውን ጽሑፍ አንድ ቅጂ፣ ከዚያ ጋር በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ የተጻፈ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ እንዲያስረክብ። ሁለት ገጽ ብቻ፤ ምን ጠየቀ፣ ምን አገኘ፣ ምን ይደረግ ይላል። እንግሊዝኛው መቶ ገጽ ጽሑፍ ለመምህራኑ ይቆይላቸው። ሁለት ገጹን የሚያስቀምጥ፣ የሚያነብና ለሚመለከተው የሚመራ አንድ ሰው በመምሪያችሁ ይመደብ። ሌላ ሥራ ደርቦ ሊሠራ ይችላል፤ ስሙ ግን ይታወቅ።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ዞኑ ከራሱ በጀት ትንሽም ቢሆን ያስቀምጥ። በዩኒቨርሲቲው በጀት ብቻ የሚሠራ ጥናት የዩኒቨርሲቲው ነው። ዞኑ ነዳጁንና የመስክ ሠራተኛውን ሲከፍል ግን ኃላፊው «የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። ያ ጥያቄ ብቻውን ብዙ ያስተካክላል።

ከዩኒቨርሲቲው አቅም በላይም አትጠብቁ። ትምህርት ሚኒስቴር ዩኒቨርሲቲዎቹን የምርምር፣ የአፕላይድ (ተግባራዊ) ሳይንስና ኮምፕሬሄንሲቭ (ሁለገብ) እያለ ከፍሏቸዋል። የእናንተው አዲስ ከሆነ አዲስ ዝርያ እንዲያወጣ መጠየቅ አያዋጣም። ሌላ ቦታ የወጣውን ዝርያ በእናንተ አፈርና ዝናብ ላይ መሞከር፣ የገበያ ሰንሰለቱን ማጥናት፣ ልማት ሠራተኞችን በአጭር ጊዜ ማሠልጠን ግን ይችላል። ለዘሩ ቁንጮ ወደወጣባት ቢሾፍቱ ወይም ወደ ክልላችሁ ምርምር ኢንስቲትዩት ሂዱ። እዚያ ተለቆ፣ የሚያባዛው ጠፍቶ የተቀመጠ ብዙ አለ። ዘር አባዥ ገበሬዎችን በማኅበር አደራጅቶ ያንን መረከብ ዞኑ ራሱ ሊያደርገው የሚችል ነው።

የመጨረሻው፣ ውጤቱ የተጠየቁት ሰዎች ዘንድ ይመለስ። በመስክ በዓል ላይ ቲሸርት ለብሶ ፎቶ መነሳት አይደለም የምለው። ጥናቱ የተካሄደባት ቀበሌ ሄዳችሁ፣ ሰዉ በለመደው የመሰብሰቢያ ቦታ፣ «ያላችሁንን ሰምተን ይህን አገኘን፤ ልክ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ገበሬው ተመራማሪው ያልያዘውን ስህተት ይይዛል፤ ለሚቀጥለው መጠይቅም በሩን ይከፍታል። በአንዱ ቀበሌ በሁለት መቶ ሰው ፊት የተነገረ ውጤት ከጆርናሉ ይልቅ ቶሎ ይዛመታል።

ለመጀመሪያው ዓመት አንድ የገጠርና አንድ የከተማ ጥያቄ ይበቃችኋል። የዞናችሁን ዋና ሰብልና ከተማችሁ የምትኖርበትን ንግድ ከጻፉልኝ ጥያቄዎቹን አብረን እንቀርጻቸዋለን። ከእያንዳንዳቸው ሥር የሚጻፈውን የተረካቢውን ስም ግን እናንተው ይዛችሁ ኑ።